የካፒቴኑ ደወል፦ የመንገደኛ መርከቦች የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ሲገመገም

የመንገደኛ መርከብ ሲገመገም ሰው የሚያወራው ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ምግቡና ስለ ሰዓት አክባሪነቱ ነው። ከትኬቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ፣ ማንም ግን ነጥብ የማይሰጠው ሌላ አገልግሎት አለ፤ መርከቧ ስትጎዳ ካፒቴኑ ለተሳፋሪው የሚሰጠው። እዚህ የምንመዝነው እሱን ብቻ ነው። የምናያቸው ሦስት ዓይነት መርከቦች ናቸው፦ ትልቁ የሽርሽር መርከብ፣ ሰውና መኪና አብሮ የሚጭነው ፌሪ፣ ፈጣኑ የመንገደኛ መርከብ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በሦስቱም ላይ ዕቃው በአመዛኙ ጥሩ ነው። ጀልባው፣ ጃኬቱ፣ ራፍቱ (ተነፍቶ የሚንሳፈፈው ማምለጫ)፣ ራዲዮው ተፈትኖ የተፈቀደ ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ዕቃ የተሠራው ካፒቴኑ በጊዜ ይወስናል በሚል ግምት ላይ መሆኑ ነው። ካፒቴኑ ካመነታ በጣም ውድ የሆነው መሣሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

20 ዲግሪና 30 ደቂቃ

የመንገደኛ መርከቦችን ደህንነት የሚመራው ሶላስ በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። መጀመሪያ የወጣው ታይታኒክ በሰጠመች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1914 ነው፤ አሁን የሚሠራበት በ1974 የጸደቀውና በየጊዜው የሚሻሻለው ነው። ከውስጡ ሁለት ቁጥሮች ለተሳፋሪ ከሁሉም ይበልጣሉ።

አንደኛው፣ ነፍስ አድን ጀልባዎቹና ማውረጃ ክንዶቻቸው መርከቧ ወደ ጎን እስከ 20 ዲግሪ፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እስከ 10 ዲግሪ ብታዘነብልም መሥራት አለባቸው። ከ20 ዲግሪ በላይ ይሠራሉ ብሎ ቃል የገባ የለም። ከፍ ባለው ጎን ያለው ጀልባ ሲወርድ የመርከቧን ገላ እየፋቀ ይያዛል፤ ዝቅ ባለው ጎን ያለው ደግሞ ከዴኩ (ሰው ከሚቆምበት የመርከቧ ወለል) ርቆ ይንጠለጠላል፣ በመሃል በተፈጠረው ክፍተት ሽማግሌም ሕፃንም መሻገር አይችልም። በረጅም ዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ መርከብ ጀልባና ራፍቱ ተደምሮ ለተሳፈረው ሰው 125 በመቶ ይበቃል፤ በየጎኑ ለግማሹ ሰው የሚሆን ጀልባና ከዚያ በተጨማሪ ለ25 በመቶው የሚሆን ራፍት ነው። አንዱ ጎን ከጥቅም ውጭ ሲሆን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋና ጉድለት ይመጣል። የጣሊያኗ የመንገደኛ መርከብ አንድሪያ ዶሪያ በ1956 ከሌላ መርከብ ጋር ስትጋጭ የሆነው ይኸው ነው፤ ወዲያው በማዘንበሏ በአንድ ጎን ያሉት ጀልባዎች በሙሉ መውረድ አልቻሉም። አብዛኛው ሰው የተረፈው መርከቧ 11 ሰዓት ያህል ሳትሰጥም በመቆየቷና ሌሎች መርከቦች በመድረሳቸው ነው።

ሁለተኛው ቁጥር 30 ደቂቃ ነው። መርከብ ልቀቁ ከተባለ በኋላ ሁሉም ጀልባዎችና ራፍቶች ሙሉ ሰው ይዘው በዚህ ጊዜ ውስጥ መውረድ አለባቸው። ኩባንያዎች ይህን ቁጥር በኩራት ይጠቅሱታል። የማይነግሯችሁ፣ 30 ደቂቃው መቆጠር የሚጀምረው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጃኬቱን ከለበሰ በኋላ መሆኑን ነው። ከክፍል ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ ወይም ወጥቶ፣ ልጁን ፈልጎ መሰብሰቢያው መድረስ በዚህ ውስጥ የለም። መርከብ ሲነደፍ በሚሠራው የማስለቀቅ ስሌት ጠቅላላው ጊዜ ለፌሪ 60 ደቂቃ፣ በእሳት መከላከያ ግድግዳ ከሦስት በላይ ዋና ዋና ቀጠናዎች ለተከፈለ ትልቅ የሽርሽር መርከብ 80 ደቂቃ ነው። ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ከሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ አስሉት። 80 ደቂቃ የሚያስፈልገው መርከብ ላይ ካፒቴኑ 45 ደቂቃ በማሰብ ካጠፋ፣ ከ80ው ላይ የሚቀንስለት የለም።

ደወል ማስለቀቅ አይደለም

ጥሩ አገልግሎት ምን እንደሚመስል እንይ። መርከቧ ስትመታ ወይም ጭስ ሲታይ ካፒቴኑ ውሃ የማያሳልፉትን በሮች ያዘጋል፤ መዘጋታቸውን ብሪጅ በሚባለው መሪ ክፍል ባለው ሰሌዳ ያረጋግጣል። ሞተር ክፍል ያሉትን «እንዴት ናችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። የትኛው ክፍል ውሃ ገባበት? ባለፉት አምስት ደቂቃዎች ምን ያህል ከፍ አለ? ፓምፑ ይቀድመዋል ወይስ ይቀደማል? ስንት አጎራባች ክፍሎች ውሃ ቢሞላባቸው መርከቧ ተንሳፍፋ እንደምትቆይ በራሷ ሰነድ ላይ ተጽፏል። የተሞላው ከዚያ ካለፈ ጥያቄው ትሰጥማለች ወይ መሆኑ ይቀርና መቼ ይሆናል።

ይህ መረጃ እየተሰበሰበ ሳለ፣ እስኪሟላ ሳይጠበቅ፣ ደወሉ ይሰማል፦ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፆችና አንድ ረጅም። ትርጉሙ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያችሁ ሂዱ ነው። መርከቡን ልቀቁ ማለት አይደለም፤ ያ ትእዛዝ ለብቻው ከካፒቴኑ የሚመጣ ነው። በመሰብሰቡ ሂደት መርከበኞች በእያንዳንዱ ጣቢያ ሰው ይቆጥራሉ፣ ሌሎች ክፍል ለክፍል ይፈትሻሉ፣ ጀልባዎቹ ሰው ሳይጫንባቸው እስከ መሳፈሪያው ዴክ ይወርዳሉ። ነገሩ ቢረግብ ተሳፋሪው ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ጀልባውም ወደ ቦታው።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ብልሽት የሚጀምረው እነዚህ ሁለት ነገሮች በካፒቴኑ ሐሳብ ውስጥ ሲደባለቁ ነው። ማስለቀቅን ስለሚፈራ መሰብሰብንም ያዘገያል። ማስለቀቅን መፍራቱ ትክክል ነው፤ በማዕበል ውስጥ ጀልባ ማውረድ ራሱ ሰው ይገድላል፣ መርከቧ ተንሳፍፋ እስካለች ድረስ ከማንኛውም ጀልባ ትሻላለች። ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ወዲህ የተሠሩ፣ 120 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸው ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ ዋና የእሳት ቀጠና ያላቸው የመንገደኛ መርከቦች ከተወሰነ ጉዳት በኋላ በራሳቸው ኃይል ወደብ እንዲደርሱ ሆነው መነደፍ የሚጠበቅባቸው ለዚህ ነው። መሰብሰብን ግን የሚያስፈራ ነገር የለበትም። የከፋው ውጤት የተረበሸ እራትና የቅሬታ ደብዳቤ ነው። ይህን የማይለይ ካፒቴን ደወሉን የሚደውለው ማዘንበሉ ሰው ሁሉ ሲያየው ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የሽርሽር መርከቧ ኮስታ ኮንኮርዲያ ጥር 13 ቀን 2012 ከምሽቱ 3፡45 በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መታች። በላይዋ 4,229 ሰዎች ነበሩ። ለተሳፋሪው የተነገረው መብራት መቋረጡና ሁኔታው በቁጥጥር ሥር መሆኑ ነው። አጠቃላይ የአደጋ ደወሉ የተሰማው ከ45 ደቂቃ በላይ ቆይቶ፣ የልቀቁ ትእዛዝ የመጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ባሕሩ የተረጋጋ ነበር፣ ዳርቻው ቅርብ ነበር፣ ዕቃው ሙሉ ነበር። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ሲመጣ ማዘንበሉ በመግፋቱ አንዳንዶቹ ጀልባዎች አልወርድ አሉ፤ 32 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ጸጥተኛ ሌሊት የጠፋው ነገር ጊዜ ብቻ ነው።

የደቡብ ኮሪያዋ ሰዎል ፌሪ የባሰች ናት። ሚያዝያ 16 ቀን 2014 መርከቧ አዘንብላ እያለ በድምፅ ማጉያው ተደጋግሞ የተላለፈው መልእክት «ባላችሁበት ቆዩ» የሚል ነበር። ካፒቴኑ በጠረፍ ጠባቂ ጀልባ ሲወጣ አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ልጆች ገና በክፍላቸው ነበሩ። ከ476 ሰዎች 304 ሞቱ። ከክፍል ውስጥ መውጫው ኮሪደር ወለሉ ወደ ግድግዳነት ሲቀየር የሚወጣ የለም፤ «ቆዩ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም የሚኖረው ቀጥሎ መቼና ወዴት እንደሚወጣ ከተነገረ ብቻ ነው።

ካፒቴኑ ጥፋት ባይኖርበትም ጊዜ የማይበቃበት አደጋ መኖሩን መካድ አይገባም። ኢስቶኒያ የተባለችው ፌሪ በመስከረም 1994 የፊት መዝጊያዋ ተገንጥሎ ውሃ ወደ መኪና ዴኩ ከገባ በኋላ ከጭንቅ ጥሪው እስከ መስጠሟ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ ከ989 ሰዎች የተረፉት 137 ናቸው። እዚያ ሌሊት ላይ የ60 ደቂቃው ስሌት ወረቀት ነው።

ጥሪውና ንግግሩ

ራዲዮው በዚህ አገልግሎት ውስጥ ምርጡ ክፍል ነው፣ ሙሉ ነጥብ እንሰጠዋለን። በአንድ ቁልፍ በቪኤችኤፍ (የመርከቦች የአጭር ርቀት ራዲዮ) ቻናል 70 የመርከቧን ማንነትና ቦታ የያዘ ዲጂታል ጥሪ ይሄዳል፤ ንግግሩ በቻናል 16 ይቀጥላል። መርከቧ ብትሰጥም በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት የሚጮኽ ቡይ (ተንሳፋፊ መሣሪያ) ራሱን ፈትቶ ይንሳፈፋል። ጥሪውን የሰማ መርከብ የመርዳት ግዴታ አለበት። ካፒቴኑ ከባድ ግን ለሕይወት ገና ያልደረሰ ችግር ሲገጥመው «ፓን ፓን»፣ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ «ሜይዴይ» ይላል፤ ሁለቱም በኋላ ሊሰረዙ ይችላሉ። ጠፍቶ የሚገኘው መሣሪያው ሳይሆን ቁልፉን የሚጫን ጣት ነው። በሰዎል ላይ የመጀመሪያው የእርዳታ ጥሪ ከብሪጅ አልመጣም፤ ተሳፋሪ ተማሪ በስልክ የደወለው ነው።

ለተሳፋሪው የሚደረገው ንግግር ደግሞ ደካማው ክፍል ነው። ጥሩ ማስታወቂያ አራት ነገር ይይዛል፦ ምን እንደሆነ፣ አሁን ምን እንደምታደርጉ፣ ምን እንዳታደርጉ፣ ቀጣዩ መልእክት መቼ እንደሚመጣ። አዲስ ነገር ባይኖርም በየጥቂት ደቂቃው መደገም አለበት፤ ዝምታ ሰዉን ወደ ክፍሉ ዕቃ እንዲያመጣ ይልከዋል፣ እሱ ነው ደረጃውን የሚዘጋው። ድምፁ የካፒቴኑ ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ሰው የሚሸበረው እውነት ሲነገረው ሳይሆን የሚነገረውና በእግሩ ሥር የሚሰማው ሲለያይ ነው።

ካፒቴኑ የመጨረሻው ሰው ነው?

ይህን ብዙ ሰው ሕግ ነው ብሎ ያምናል። ሶላስ «ካፒቴኑ የመጨረሻው ይሁን» የሚል ቃል የለውም፤ ያንን የሚደነግጉት የአንዳንድ አገሮች ሕጎች ናቸው፣ የጣሊያን የባሕር ሕግ አንዱ ነው። በኮንኮርዲያው ካፒቴን ፍራንቼስኮ ስኬቲኖ ላይ የተፈረደውን 16 ዓመት ከፋፍሎ ማየት ጠቃሚ ነው፦ 10 ዓመቱ ለሞቱት ሰዎች፣ 5ቱ መርከቧን ለአደጋ በመዳረግ፣ ሰው ጥሎ በመሄድ የተፈረደበት 1 ዓመት ነው። ከሁሉ በላይ የተወራበት ጥፋት ከሁሉ ያነሰውን ቅጣት አመጣ።

የእኛም ሚዛን ወደዚያው ያደላል። መጨረሻ መውጣት ያለው ጥቅም ተግባራዊ ነው፤ ቆጠራው ያለቀው፣ ክፍሎቹ የተፈተሹት፣ ከታች የቀረ ሰው ካለ የሚያዝዘው አካል መርከቧ ላይ ስለሚያስፈልግ ነው። በ1991 ከደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ የሽርሽር መርከቧ ኦሴያኖስ ስትሰጥም ካፒቴኑ ቀድሞ በሄሊኮፕተር ወጣ፤ ሰዉን በማስወጣትና በራዲዮ በመጥራት የቀሩት የመድረክ ሙዚቀኞችና ሌሎች አዝናኞች ናቸው። 571ዱም ተረፉ። አገልግሎቱ ግን ዜሮ ነው፤ ጊታር ተጫዋች የማዳን ሥራ መምራቱ ለእሱ ክብር፣ ለኩባንያው ውርደት ነው።

አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። ባለመርከቡም ሆነ ተከራዩ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ያስፈልጋል ብሎ የሚወስደውን ውሳኔ መከልከል አይችልም፤ ይህ በሶላስም፣ ከ1998 ጀምሮ በመንገደኛ መርከቦች ላይ በሚሠራው የደህንነት አስተዳደር ደንብም ተጽፏል። ኩባንያውን በስልክ አማክሮ መቆየት ስለዚህ ሰበብ አይሆንም።

ዕቃው

ነፍስ አድን ጃኬት። የአዋቂው ከ43 ኪሎ ጀምሮ፣ የልጅ ከ15 እስከ 43 ኪሎ፣ የሕፃን ከ15 ኪሎ በታች ነው። መርከቧ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከዚያ ላይ 5 በመቶ ትርፍ፣ ከተሳፋሪው ቁጥር ቢያንስ 10 በመቶ ወይም ለያንዳንዱ ልጅ የሚሆን የልጅ ጃኬት መያዝ አለባት። የሕፃናቱ ላይ ልዩነት አለ፦ ጉዞው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ግድ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ግን 2.5 በመቶ ይበቃል። ሕፃን ይዛችሁ በአጭር ጉዞ ፌሪ የምትሳፈሩ ሲገቡ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ጃኬቱ ፉጨትና 8 ሰዓት የሚበራ መብራት አለው። ስፖንጅ የተሞላው ከሚነፋው ይልቅ ለተሳፋሪ ይሻላል፤ የሚነፋው ክፍል ውስጥ ከተነፋ ውሃው ወደ ጣሪያ ያጣብቃችኋል፣ ጠልቃችሁም በር ማለፍ አትችሉም። ወደ ውሃ መዝለል ግድ ከሆነ በሁለት እጅ አጣምራችሁ ጃኬቱን ወደ ታች ያዙት፤ ካልያዛችሁት ከውሃ ጋር ስትገጥሙ ወደ አገጭ ተስፈንጥሮ አንገት ይጎዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽን ለመግዛት ነው፣ እጅና እግር የሚታዘዘው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ራስን ለመሳት ወደ 1 ሰዓት ይቀራል። አዳኝ ጀልባ ለመያዝ ያላችሁ ጊዜ ያ መካከለኛው ነው።

ነፍስ አድን ጀልባ። መደበኛው እስከ 150 ሰው ይይዛል፤ በጣም ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ላይ በልዩ ፈቃድ 370 የሚይዝም አለ። ሞተሩ በ6 ኖት (በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል) ለ24 ሰዓት ይሄዳል፣ ለሰው 3 ሊትር ውሃ አለው። ሰዉ በ10 ደቂቃ መሳፈር አለበት። ብልሽቱ ከመንጠቆው ይመጣል፦ ጀልባው ውሃ ሳይነካ የተለቀቀ መንጠቆ በልምምድ ላይ ሳይቀር መርከበኛ ገድሏል፣ አሮጌዎቹ እንዲቀየሩ ዓለም አቀፍ ትእዛዝ የወጣውም ለዚያ ነው። ሌላው ችግር ስፋቱ ነው። የመቀመጫው ቁጥር የተሰላው ተሳፋሪው 75 ኪሎ ነው ተብሎ ነው። በወፍራም ልብስና ጃኬት ላይ ይህ ልክ እንዳልሆነ ማንም አይቶ ይረዳዋል።

ራፍት። ነጭ በርሜል በሚመስል መያዣ ውስጥ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ነው። ገመዱ ሲሳብ በራሱ ይነፋል። ማንም ሳይነካው መርከቧ ከሰጠመች ቢበዛ በ4 ሜትር ጥልቀት የውሃ ግፊት ማሰሪያውን ይፈታውና ወደ ላይ ይወጣል። ለሰው 1.5 ሊትር ውሃ አለው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከጀልባው ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው መድረሱ ላይ ነው። በቱቦ ወይም በተንሸራታች የሚወረድበት ሲሆን አረጋዊና እግሩ የማይታዘዝ ሰው ያለ ረዳት አይወርድም፤ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ተመዝግበው ለካፒቴኑ ሊነገሩ የሚገባውም ለዚህ ነው። እርዳታ የምትፈልጉ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሦስቱ መርከቦች

ትልቁ የሽርሽር መርከብ በዕቃና በልምምድ ይበልጣል። መርከበኛው በየሳምንቱ የእሳትና የማስለቀቅ ልምምድ ያደርጋል። ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የተሳፋሪው ልምምድ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያው መሆን አለበት፤ ኮንኮርዲያ በተመታች ጊዜ ሕጉ 24 ሰዓት ይፈቅድ ስለነበር በዚያው ቀን የተሳፈሩት ብዙዎች ምንም ልምምድ ሳያደርጉ ነበር። ድክመቱ ሁለት ነው። አንዱ፣ ከመርከበኛው አብዛኛው የሆቴል ሠራተኛ መሆኑ ነው፤ ሥልጠና ወስዷል፣ ነገር ግን ከብሪጅ ግልጽ ትእዛዝ ካልመጣ አስተናጋጁ ተሳፋሪውን በራሱ ሥልጣን አይሰበስብም፣ ሊሰበስብም አይገባም። ሌላው አዲሱ ፋሽን ነው፦ ቪዲዮውን በስልክ አይታችሁ፣ ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ካርድ አስነክታችሁ መመለስ። ቦታውን ታውቃላችሁ፤ ሦስት ሺህ ሰው አንድ ደረጃ ላይ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ግን እናንተም መርከበኛውም አታዩም። የምንሰጠው ከ10 ሰባት ነው።

ፌሪው ከ10 አምስት። መኪና የሚቆምበት ዴክ ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ የለውም። ጥቂት ውሃ ሲገባበት ወዳዘነበለው ጎን በአንድ ጊዜ ይሮጣል፣ ማዘንበሉም ይብሳል። በ1987 ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የፊት በሮቿ ሳይዘጉ ከቤልጂጉ ዜብሩጅ ወደብ ወጥታ በደቂቃዎች ተገለበጠች፤ 193 ሰዎች ሞቱ። ውሃው ከባሕር መምጣት አያስፈልገውም፦ በየካቲት 2006 በቀይ ባሕር ላይ አል ሰላም ቦካቺዮ 98 የተገለበጠችው በመኪና ዴኩ ላይ የተነሳውን እሳት ለማጥፋት የተረጨው ውሃ መውጫ አጥቶ ስለተጠራቀመ ነው፤ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። መርከቧ ወደ ተነሳችበት ወደብ ሳትመለስ ጉዞዋን ቀጥላ ነበር። የፌሪ ካፒቴን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ መደወል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ ግን በተቃራኒው ነው የተሠራው፤ ከ24 ሰዓት በታች ለሆነ ጉዞ የመሰብሰብ ልምምድ ግዴታ የለም፣ ማስታወቂያ ይበቃል። በአጭር ዓለም አቀፍ ጉዞ ጀልባው ለ30 በመቶው ሰው ብቻ ቢሆንም ይፈቀዳል፤ ቀሪው በራፍት ነው የሚሄደው።

ፈጣኑ መርከብ ከ10 ሰባት ተኩል ያገኛል፣ ምክንያቱም የተነደፈው ቶሎ ይለቀቃል ተብሎ ነው። ከመጠጊያ ቦታ በራሱ ፍጥነት ከ4 ሰዓት በላይ መራቅ አይፈቀድለትም። የማስለቀቂያ ጊዜው ከእሳት መከላከያው ይሰላል፦ መከላከያው የሚችለው ደቂቃ ላይ 7 ተቀንሶ ለሦስት ይካፈላል። 60 ደቂቃ ከሆነ 17 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ማለት ነው። ሰው ሁሉ በመቀመጫው ስለሚገኝ ፍለጋ የለም፣ ቆጠራውም ቀላል ነው። ጉድለቱ ማዕበል ነው፤ ራፍቶቹ ቀላል ናቸው፣ ሰውም አስቀድሞ ታሞ ተንበርክኳል።

ስትሳፈሩ የምትፈትኑት

ካፒቴኑን አታገኙትም፤ ሥራውን ግን ከሠራተኞቹ ታነቡታላችሁ። በካርዳችሁ ላይ ያለውን የመሰብሰቢያ ጣቢያ ፊደል ለሁለት የተለያዩ ሠራተኞች አሳዩና መንገዱን ጠይቁ። ሁለቱም ሳያመነቱ አንድ ቦታ ከጠቆሙ ልምምዱ የእውነት ነው። አንዱ «ችግር የለም፣ ያኔ ይነገራችኋል» ካለ ያ የብሪጁ ባህል ነው፣ ከላይ የወረደ።

ከክፍላችሁ እስከ መውጫው ያሉትን በሮች በእጅ እየነካችሁ ቁጠሩ፤ በሁለት አቅጣጫ። ጭስ ሲሞላ የሚታየው ወለሉ አጠገብ ያለው የመስመር መብራት ብቻ ነው። መውጫ በሮች ፊት ወንበር፣ ጋሪ ወይም የታጠፈ አልጋ ካያችሁ መጥፎ ምልክት ነው። ልጆች ለብቻቸው የሚውሉበት ክፍል ካለ ደወል ሲሰማ ሠራተኞቹ ልጆቹን ወደ የትኛው ጣቢያ እንደሚያመጡ ጠይቁ፤ ብዙ መርከቦች የጣቢያውን ፊደል የያዘ የእጅ አምባር ያስሩላቸዋል። አምባር ከሌለና መልሱ «ወላጅ መጥቶ ይወስዳል» ከሆነ፣ በአደጋ ጊዜ ከሰዉ ጎርፍ ጋር ተቃራኒ የሚሮጥ ወላጅ ይኖራል ማለት ነው፤ ደረጃው የሚቆመው እዚያ ነው።

በፌሪ ላይ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የመኪናው ዴክ በር ክፍት ሆኖ ሰው ሲወጣ ሲገባ ካያችሁ ለሠራተኛ ንገሩ፤ ማንም ካልዘጋው የውጭውን ዴክ መሰላል አጠገብ ያለ መቀመጫ ያዙና ጉዞውን እዚያው ጨርሱ።